የጥበብ ጥርስ ተነቅሎ ድራይ ሶኬት (የረጋው ደም ጠፍቶ አጥንቱ ሲጋለጥ) ሲሆን ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) መቼ ይውጣ?

ሰላም፣ የጥርስ ባለሙያዎች እርዱን። የእህቴ የታችኛው የጥበብ ጥርስ ከተነቀለ ዛሬ 4ኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ ቀለል ብሎላት ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ግን ሕመሙ ጆሮዋ ድረስ ይወጋታል። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋ ደም የለም፣ ነጣ ያለ አጥንት ይታያል፣ ሽታም አለው። ትኩሳትም ሆነ እብጠት የላትም።

ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ በየ8 ሰዓቱ ትወስዳለች። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣ በቀስታ ትጉመጠመጣለች።

ዛሬ ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ የቅርንፉድ ዘይት ያለው ጎዝ አስገብቶላታል፤ መቼ እንደሚወጣ ግን አልተነገራትም። ጎዝ በራሱ አይሟሟም፤ ከቆየ ደግሞ ቁስሉ በሥጋ እንዳይሞላ ያግዳል። በስንት ቀን ይቀየር? ቤት ውስጥ ብናወጣው አጥንቱን ይጎዳል? እባካችሁ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም።