ባልደረባዬ ፈጥኖ ሳለ እንዴት ተሸነፈ? (የድራግ ሬስ ቃላት)

ጀማሪው፦
ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ሜሪላንድ፣ መካኒክስቪል ያለው የድራግ ሬስ ሜዳ ወሰደኝ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር መጋለብ ነው። ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል ብዬ ነበር።

ባልደረባዬ ተሸነፈ። የሰጡት ወረቀት ላይ ግን የሱ 14.10 ሰከንድ፣ የሌላው 14.22 ይላል። ትንሽ ሰዓት የወሰደው አይደል የሚያሸንፈው? ስጠይቀው «ሆልሾት በላኝ» ብሎ ዝም። ደግሞ አንዱ መኪና መስታወቱ ላይ በነጭ ቀለም 12.30 ተጽፎበታል። በ1,230 ዶላር የሚሸጥ መስሎኝ ልጠይቅ ነበር።

አሮጌ ጎማ፦
እንኳን አልጠየቅክ!

14.10 ኢቲ ይባላል፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻ የፈጀብህ ሰዓት። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው አረንጓዴ ሲበራ አይደለም፤ የፊት ጎማህ መነሻው ላይ ያለውን የብርሃን ጨረር ለቆ ሲወጣ ነው። አረንጓዴው በርቶ ቡና አስፈልተህ ሦስተኛውን ጠጥተህ ብትነሳ ኢቲህ ንቅንቅ አይልም። የዘገየኸው አር ቲ፣ ሪአክሽን ታይም በሚለው ላይ ነው የሚጻፈው። ወረቀቱ ላይ ከላይ አለ፣ እየው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን አረንጓዴ እስኪበራ እንደ ጨዋ ሰው ጠበቅኩ። ጎረቤቴ ሄዷል። ለካ ልምድ ያለው ከአረንጓዴው በፊት ተራ በተራ ከሚበሩት ቢጫዎች ሦስተኛው ሲበራ ነው ፍሪሲዮኑን የሚለቀው። ቢጫዎቹ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ነው የሚበሩት፣ እግርህ ደግሞ ከዓይንህ ይዘገያል። በሚቀጥለው ዙር ተጣደፍኩና ከአረንጓዴው ቀድሜ ተነስቼ ቀይ አበራሁ። ቀይ ካበራህ አለቀ፣ ተሸንፈሃል። መብራቱን የገና ዛፍ የሚሉት ባለ ቀለም አምፖሎቹን ደርድረው ስላቆሙት ነው።

ጀማሪው፦
አየሁት። የሱ 0.240፣ የሌላው 0.060።

አሮጌ ጎማ፦
በል ደምር። 14.340 እና 14.282። በዚያ ፍጥነት ልዩነቱ የአንድ መኪና ርዝመት እንኳ አይሞላም። ሆልሾት ማለት ይሄ ነው፤ መኪናው ፈጣን፣ ሹፌሩ እንቅልፋም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
12.30 ዳይል-ኢን ነው። ሹፌሩ «በዚህ ሰዓት እገባለሁ» ብሎ ይጽፋል። ተጋጣሚው 14.10 ከጻፈ፣ ቀርፋፋው በ1.80 ሰከንድ ቀድሞ አረንጓዴ ያገኛል። በዚህ ነው የአባትህ ካምሪ ማስታንግን የሚያሸንፈው። ከጻፍከው ሰዓት ከፈጠንክ ግን ብሬክአውት ነው፣ ትሸነፋለህ። እኔ 14.10 ጽፌ 14.08 ገብቻለሁ። እየመራሁ ነበር! ፍሬን ትንሽ ብነካ ኖሮ...

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመነሻው በፊት ጎማ እያሽከረከሩ የሚያጨሱበት ቦታ ውሃ ታያለህ። ተራ ጎማ ካለህ ዞረህ እለፈው። ጥርሱ ውሃውን ይዞ መነሻው ላይ ያንጠባጥባል፣ ከኋላህ የተሰለፈው ሁሉ ይረግምሃል።

ጀማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሥራ ቦታ «0.240 ምን እያሰብክ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ምሳ ሲሄዱ አልጠራኝም።