ለቤተሰብ የቪዲዮ ጥሪ የቱ ይሻላል? ለአንዷ ብለን እማዬን እናስቸግር?

የከዚራዋ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር አከራክሮናልና ፍረዱን። እኔ ከእማዬ ጋር እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነኝ። ታላቅ ወንድማችን ቶሮንቶ ነው። ታናሻችን ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። እሁድ እሁድ ማታ 2 ሰዓት በቪዲዮ እንገናኛለን። እማዬ የምታውቀው ዋትስአፕን ብቻ ነው። ዱባይ ደግሞ የዋትስአፕ ጥሪ ዝግ ነው። ባለፈው እሁድ ሁላችንንም የሚያገናኝ ሌላ፣ በሚላክ ሊንክ የሚገባበትን ዙምን ሞከርን። ነፃው ደቂቃ አልቆ ሲቋረጥ እማዬ የጎረቤታችንን ለቅሶ እያወራች ነበር። "ምን ተናገርኩ? ለምን ዘጋችብኝ?" አለችኝ። ወንድሜ "እማዬን አታስቸግሯት፤ በዋትስአፕ እንቀጥል፣ ለታናሻችን ለብቻዋ እንደውላለን" ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። እናንተስ?

የሳቢያን ልጅ፦
ወንድምሽ ልክ ነው። ዋትስአፕ በአንድ የቪዲዮ ጥሪ እስከ 32 ሰው ይይዛል። የደቂቃ ገደብ የለውም፤ ከተነጋጋሪዎቹ ሌላ የሚሰማው የለም። ከሁሉ በላይ ግን ስልኩ ይጮኻል። እናት ስልክ ሲጮህ ማንሳት ታውቃለች። ሊንክ ግን አይጮህም። እኔ ለአባቴ ሊንክ ልኬ ግማሽ ሰዓት ጠብቄያለሁ። እሳቸውም ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው "አሁን ይደውላል" እያሉ ሲጠብቁኝ ነበር። ትልቅ ሰው እንዲህ አይደረግም አቦ!

ጀጎል ሰፈር፦
ከሐረር ነኝ። እኛ ቤት ቴሌግራም ነው የምንጠቀመው። ፎቶውም፣ የሰርግ ቪዲዮውም፣ መልእክቱም እዚያው ግሩፕ ላይ ነው። ለምን ሌላ ትፈልጋላችሁ?

የሳቢያን ልጅ፦
ቴሌግራም ለፎቶ ጥሩ ነው። ግን በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከፌስቡክ፣ ከዩቱብና ከቲክቶክ ጋር ተዘግቶ 5 ወር ያህል ቆየ። ያኔ ዋትስአፕ ባይኖር ከአክስቴ ጋር ተጠፋፍተን ነበር። ቤተሰብን አንድ ገመድ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ልክ አይደለም።

ሞባይል ጠጋኙ፦
ሱቄ መጋላ ነው። በቀን ስንት እናት ስልክ ይዛ እንደምትመጣ ባያችሁ! "ልጄ አልታይ አለኝ" ትላለች። ስልኩን ስከፍተው ጢም ብሎ ሞልቷል። የእናቶች ስልክ ብዙ ጊዜ ልጆቹ ተጠቅመው የተዉት ነው፤ 16 ጊጋ ወይ 32 ጊጋ። እዚያ ላይ አንዱ ልጅ ኢሞ፣ አንዱ ዙም፣ አንዱ ቦቲም የሚባል የጥሪ አፕ ይጭንበታል። ከዚያ የትኛውም በደንብ አይሠራም። የድሮውን ቪዲዮ አጥፉላቸውና ሁለት ብቻ ተዉ። ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ለጥሪ ያነሰ ዳታ እንዲጠቀም የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩት። ብዙ ሰው ሲገባ ዳታውን የሚበላው የየሰዉ ምስል ነው። ስለዚህ እናትና የሩቁ ልጅ ይታዩ፤ ሌሎቻችን ካሜራ ዘግተን በድምፅ ብንገባ ምን እንጎዳለን?

ኔትወርክ ለሚያስቸግራችሁም አንድ ነገር። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ሥራ የጀመረው ከሌላው ከተማ ሁሉ ቀድሞ እዚሁ ድሬ ነው። ሁለት ሲም ካላችሁ ሁለቱንም ሞክራችሁ ቤታችሁ ውስጥ የሚሻለውን ያዙ። ሌላው ቬንትሌተሩ ነው። ሙቀቱን አውቃለሁ፣ ግን ስልኩ ከፊቱ ከተቀመጠ ቶሮንቶ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

ዱባይ የነበርኩት፦
እስካሁን ስለ እናት ብቻ ነው የተወራው። እኔ ስለ ልጅቷ ልናገር። እዚያ ሰው ቤት 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ለብቻ ይደወልላት የምትሉት ከልብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እሷ የናፈቃት እናቷ ብቻ አይደለችም። ሁላችሁም በአንዴ ስትንጫጩ፣ ቡናው ሲቆላ፣ አንዱ አንዱን ሲያቋርጥ መስማት ነው የናፈቃት። እኔ በየሳምንቱ የእናቴን ድምፅ እሰማ ነበር። የቤቱን ጫጫታ ግን ለዓመታት አልሰማሁም። ሲያወሩልኝ ሁሉም ነገር ያለፈ ወሬ ነበር።

አሁን የሚሠራውን ልንገርሽ። ኤምሬትስ ውስጥ ዙምና ቦቲም ይፈቀዳሉ። ቪፒኤን (የተዘጋውን የሚያስከፍተውን አፕ) ጫኚ ብላችሁ ግን እንዳትመክሯት። ሕጉ ቪፒኤንን ለጥፋት ወይም ጥፋትን ለመደበቅ በተጠቀመ ላይ ከ500 ሺህ ድርሃም የሚጀምር ቅጣት አለው። ሰው ቤት ያለች ልጅ በዚህ አትጫወትም። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆማል፤ ግን እንደገና ተመልሶ መግባት ይቻላል። 35 ደቂቃ ላይ "እማዬ፣ ሊቋረጥ ነው፤ ትንሽ ቆይተን እንመለሳለን" በያት። ባለፈው ያስከፋት ሳይነገራት መቋረጡ ነው።

ሰዓቱን ደግሞ እሷ ትምረጥ። ድሬ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ 3 ሰዓት ነው። የእራት ሳህን ገና አልታጠበም።

የሳቢያን ልጅ፦
ይሄን አላሰብኩትም። ስለ ሊንኩ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ እማማ ራሳቸው ከፍተው መግባት አይችሉም።

የከዚራዋ፦
እኔ እኮ አጠገቧ ነኝ! ሊንኩን እኔ እከፍታለሁ። ስልኩን በስኳር ጣሳው አስደግፌ ፊቷ አስቀምጣለሁ፤ ስትይዘው ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው። ዋትስአፑ በአዘቦት ቀን ለምትደውለው ይቆይላታል። ወንድሜንም አሳምኜዋለሁ፤ በአንድ ቃል እሺ አለ።

ታናሻችንን ሰዓቱን ጠየቅኳት። ሥራ የምትጨርሰው በእነሱ 5 ሰዓት ነው፤ በእኛ ማታ 4። እማዬ ደግሞ በ3 ሰዓት ነው የምትተኛው። ፈራ ተባ እያልኩ ለእማዬ ነገርኳት። "ታዲያ ምን አለበት? እሁድ ከሰዓት ተኝቼ እጠብቃታለሁ" አለችኝ።