ግማሽ ፈንዲንግ ይዛችሁ ፒኤችዲ የምትማሩ እንዴት ነው የምታብቃቁት?

ምዕራፍ_ሁለት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ፣ ሁለተኛ ዓመት ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፣ ፊልዴ አንትሮፖሎጂ ነው። ፈንዲንጌ ግማሽ ነው፣ ማለትም ቱሽን (የትምህርት ክፍያ) አልከፍልም ግን ስታይፔንዱ (የኑሮ ብሩ) የግማሽ አሲስታንትሺፕ ነው፣ በሳምንት 10 ሰዓት ቲኤ (የማስተማር ረዳት) ሆኜ እሰራለሁ፣ እሱም ለ9 ወር ብቻ። ትምህርት በሚዘጋበት 3 ወር ምንም አይገባም። ሲቀበሉኝ «ከሁለተኛ ዓመት በኋላ አብዛኛው ተማሪ ሙሉ ያገኛል» ብለውኝ ነበር፣ በወረቀት ግን የለም፣ አሁን ስጠይቅ አንዱ ወደ አንዱ ይልከኛል።

የሚገባው ብር የቤት ኪራይና አስቤዛ ሸፍኖ እዛው ያልቃል። ቱሽን ነፃ ነው ሲሉኝ ደግሞ ፊ የሚባል ተጨማሪ ክፍያ ለብቻው እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ የቴክኖሎጂ፣ የጤና፣ የውጭ ተማሪ እያሉ ይደረድሩታል፣ የሚጠየቀውም ሴሚስተሩ ሲጀምር ነው የመጀመሪያው ክፍያ ሳይገባ። አሁን ደግሞ ፔፐሬ ኮንፈረንስ ላይ አለፈልኝ፣ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቲኬቱንም ሆቴሉንም ከኪስሽ ክፈዪና ስትመለሺ እንመልስልሻለን አሉኝ፣ ከየትኛው ኪስ? ክሬዲት ካርዱ ከባለፈው ዕረፍት ጀምሮ ሞልቷል።

አንድ ሰው ኢንተርቪው ወደ ጽሁፍ የመገልበጥ ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት አለ ብሎኛል፣ ከካምፓስ ውጭ ነው። አድቫይዘሬ (የምታማክረኝ ፕሮፌሰር) አታውቅም። ልያዘው ወይስ ልተወው? ለአድቫይዘርስ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ነው የሚነገረው፣ ልመና እንዳይመስልብኝ ነው የምፈራው። ቤተሰብ ደግሞ ውጭ ወጥታ ትማራለች ስለሚል ከነሱ መጠየቅ አይታሰብም፣ እንደውም እነሱ ናቸው የሚጠብቁት።

ጨርሻለሁ፦

አይዞሽ፣ እኔም በግማሽ ፈንዲንግ ነው የጨረስኩት። የወር በጀት ማውጣት ትተሽ የ12 ወር ካላንደር አውጪ፣ ምክንያቱም ከጻፍሽው እንደማየው በየወሩ አይደለም የምትወድቂው፣ ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ፊ ሲመጣ እና ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ። አንድ ስፕሬድሺት ክፈቺ፣ በአንድ ወገን ብር የሚገባበት ቀን፣ በሌላው የሚወጣበት ቀን። መጠኑን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ቀኑን ነው የማንጽፈው።

ከዛ ሁለት ቢሮ ሂጂ። ደሞዝ የሚከፍሉትን የ9 ወሩን ክፍያ በ12 ወር አካፍላችሁ ልትሰጡኝ ትችላላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ይፈቅዳል፣ ብሩ አይጨምርም ግን ባዶ ወር አይኖርሽም። ፊ የሚሰበስቡትን ደግሞ በክፍያ ፕላን ከፋፍዬ ልክፈል በያቸው፣ ብዙ ቦታ አለ ግን ራሳቸው አይነግሩሽም፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሄድሽ ደግሞ የቅጣት ክፍያ ጨምረውበት ነው የሚጠብቁሽ።

ኮንፈረንሱ ላይ «እንመልስልሻለን» የሚለውን እሺ ብለሽ አትውጪ። የዲፓርትመንቱን አስተዳዳሪ (ፕሮፌሰሮቹን አላልኩም፣ ወረቀቱን የምታንቀሳቅሰዋን ሴትዮ) ሬጅስትሬሽኑንና ቲኬቱን በዲፓርትመንቱ ካርድ በቀጥታ መክፈል ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂያት፣ ካልሆነ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ፎርም አለ ወይ በያት። እኔ ጋ ፎርሙ ነበረ፣ ስንት ተማሪ በራሱ ካርድ ወለድ እየከፈለ ዩኒቨርሲቲውን ሲያበድር ኖሯል። አዘጋጆቹንም ጻፊላቸው፣ ለተማሪ የጉዞ ድጋፍ የሚሰጡ ማህበራት ብዙ ናቸው፣ በቮለንቲርነት የሚሰራ ተማሪን ሬጅስትሬሽን በነፃ የሚያስገቡም አሉ።

አድቫይዘርሽን በተመለከተ፣ ቸገረኝ ብለሽ አትግቢ፣ ሥራ ይዘሽ ግቢ። እንዲህ በያት፦ «በዕረፍቱ 3 ወር ፕሮፖዛሉን ጨርሼ ለኮሚቴ ማስገባት እፈልጋለሁ፣ በነዛ ወራት ግን ክፍያ የለኝም፣ ግራንትሽ (የሪሰርች ድጋፍ ብርሽ) ላይ የአርኤ (የሪሰርች ረዳት) ሰዓት ይኖራል ወይ? ከሌለስ ማንን ልጠይቅ?» በቃ ይሄው ነው። ይሄን ደግሞ ብዙ ተማሪ አያውቅም፣ ፕሮፌሰር ግራንት ስትጽፍ የተማሪ ደሞዝ በበጀቱ ውስጥ የምታስገባው ከማመልከቷ በፊት ነው፣ ብሩ ከመጣ በኋላ ብትጠይቂ በሌላ ሰው ስም ተይዟል። ስለዚህ «አሁን የምትጽፊው ማመልከቻ ካለ እኔን አስቢኝ፣ የዳታውን ክፍል መጻፍ አግዝሻለሁ» ማለት ነው እንጂ ዝም ብሎ መጠበቅ የትም አያደርስም።

የላብ_ሰው፦

ጨርሻለሁ ያለው ጥሩ ነው ግን ትንሽ የቢሮ ሰው ምክር ነው 😀 ኪራይ ነገ ነው የሚከፈለው፣ ግራንቱ የዛሬ ዓመት ነው። እኔ ብሆን ሥራ እይዛለሁ፣ የራበው ሰው ቲዎሪ አያነብም።

ግን ቪዛሽ ምንድነው? አሜሪካ ሆነሽ ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ላይ ከሆንሽ ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ነው ጣሪያው፣ ያንቺ 10 የቲኤ ሰዓት እዛ ውስጥ ይቆጠራል፣ ስለዚህ 10 ሰዓት ካምፓስ ውስጥ መጨመር ትችያለሽ፣ ከካምፓስ ውጭ ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም። ቤቴ ቁጭ ብዬ በላፕቶፕ ነው የምሰራው ብሎ ነገር አያድንም፣ በእጅ ነው የሚከፍሉኝ ማለትም የባሰ ነው። ለትንሽ ብር የ5 ዓመት ልፋት ገደል እንዳይገባ። ሌላ አገርም ቢሆን ብዙ ቦታ የሰዓት ገደብ ስላለ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ሳትጠይቂ አንድ ገፅ እንዳትገለብጪ።

ካምፓስ ውስጥ ደግሞ ከራስሽ ዲፓርትመንት ወጣ ብለሽ ፈልጊ። ላይብረሪ፣ ራይቲንግ ሴንተር፣ ፈተና ማረም፣ የሌላ ዲፓርትመንት ኮርስ ላይ ቲኤ። ሪሰርች ሜተድ ማስተማር የሚችል ሰው የሚያጣ ዲፓርትመንት አይጠፋም፣ ሴሚስተር ሊጀምር ሳምንት ሲቀረው ነው የሚደናገጡት፣ ያኔ ኢሜይልሽ እጃቸው ላይ ካለ ይጠሩሻል። ዶርም ውስጥ ተማሪዎችን የሚቆጣጠር ግራጁዌት ተማሪም ይቀጥራሉ፣ ብዙ ጊዜ ክፍያው ራሱ መኖሪያው ነው። እንቅልፍ የለውም ግን ኪራይ የሚባለውን መስመር ከስፕሬድሺቱ ላይ ያጠፋልሻል።

አንድ ነገር ረሳሁ፣ ፌሎሺፕ (ሥራ ሳይጠየቅበት ለተማሪ የሚሰጥ ድጋፍ) ቢደርስሽ ሙሉውን እንዳትነኪው። አሜሪካ ውስጥ ለቱሽን የሚውለው የፌሎሺፕ ብር ታክስ የለበትም፣ ለኑሮ የሚውለው ግን አለበት፣ ታክሱ ቀድሞ የማይቆረጥበት ጊዜም አለ። የላብ ጓደኛዬ በዛ ጉድ ሆኗል።

ስሌት፦

የላብ ሰው ጋ በግማሽ ብቻ ነው የምስማማው። ቪዛው ቢፈቅድላት እንኳን 20 ሰዓት ሌላ ሥራ ላይ 10 ሰዓት ቲኤ ተጨምሮ ነው፣ 30 ሰዓት ሆነ፣ ኮርሱና ንባቡ መቼ ነው? ሰዎች የሥራውን የሰዓት ክፍያ ያያሉ እንጂ የመዘግየትን ዋጋ አያዩም። አንድ ሴሚስተር በዘገየሽ ቁጥር ፊውን እንደገና ትከፍያለሽ፣ የጎደለሽን እንደገና ከራስሽ ትሞያለሽ፣ ተመርቀሽ ልታገኚው የነበረውን ደሞዝም በነዛ ወራት አታገኚም። ሦስቱን ደምሪና የመገልበጥ ሥራው በሴሚስተር ከሚያስገባልሽ ጋር አስተያዪው። ሥራው አንድ ሴሚስተር እንኳን ካዘገየሽ ምናልባት ከስረሻል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሚሆነው።

ሥራ አትስሪ ማለቴ ግን አይደለም፣ ማለቂያ ቀን ያለው ሥራ ስሪ ነው። ትምህርት በተዘጋበት ጊዜ የ2 ወር ሥራ አንድ ነገር ነው፣ ሴሚስተሩን ሙሉ በየሳምንቱ የሚጠብቅሽ ሥራ ሌላ ነው። ከቴሲስሽ ጋር የሚገናኝ ከሆነማ ከሁሉም ይሻላል፣ ለሌላ ሰው ፕሮጀክት ኢንተርቪው ኮድ ማድረግ (የተባለውን በየርዕሱ መለየት) ለምሳሌ፣ እጅሽ ይፈታበታል።

አንትሮፖሎጂ ካልሽ ዌነር ግሬን ፋውንዴሽን ለዲሰርቴሽን ፊልድወርክ (ለመመረቂያ ጽሁፍ መስክ ወርዶ ለሚደረግ ጥናት) የሚሰጠውን ግራንት እዪው፣ ፊልዱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያመለክተው ነው፣ ለኪራይሽ አይሆንም ግን ፊልድወርኩን ከኪስሽ እንዳታወጪ ያደርግሻል። ሴት ስለሆንሽ ደግሞ አሜሪካ ከሆንሽ ኤኤዩደብሊው የሚባለው የሴቶች ማህበር የአሜሪካ ዜግነት ለሌላቸው ሴት ግራጁዌት ተማሪዎች ኢንተርናሽናል ፌሎሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል፣ ፒኢኦ የሚባለው የሴቶች ድርጅትም አሜሪካና ካናዳ ለሚማሩ የሌላ አገር ሴቶች ኢንተርናሽናል ፒስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። መስፈርታቸውን ከራሳቸው ገፅ አንብቢ፣ በዚህ ነገር ላይ ወሬ አትመኚ። ትንንሾቹንም አትናቂ፣ የግራጁዌት ስኩሉ የድንገተኛ ችግር ፈንድ፣ የተማሪ ማህበሩ፣ የሪሰርች ሴንተሮቹ። አንድ ጊዜ ጥሩ ሁለት ገፅ ከጻፍሽ እሱኑ እያስተካከልሽ ነው የምትልኪው፣ ትንሽ የሚሰጡት ላይ አመልካቹም ትንሽ ነው።

ደግ_አይደለሁም፦

ሁሉም ሰው እንዴት እንደምትቀጥል ነው የሚነግርሽ፣ እኔ ሌላውን ልበል። «ከሁለተኛ ዓመት በኋላ አብዛኛው ያገኛል» በወረቀት ከሌለ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከፍ ካሉት ተማሪዎች ሦስት አራቱን ቡና ሰዓት ላይ ጠይቂያቸው፣ በስንተኛው ዓመት ሙሉ አገኛችሁ ብለሽ፣ ዲፓርትመንቱ የማይነግርሽን እነሱ ይነግሩሻል። ማንም አላገኘም ካሉሽ መልሱ እሱ ነው።

ከዛ ለራስሽ ቀን ቁረጪ። እስከዚህ ቀን ድረስ ለሚቀጥለው ዓመት በጽሁፍ ካልሰጡኝ ሌላ ቦታ አመለክታለሁ ብለሽ። ስዊድንና ኖርዌይ የፒኤችዲ ተማሪ ባብዛኛው ሠራተኛ ነው፣ ደሞዝ አለው፣ ኔዘርላንድስም እንደዛ ነው፣ ማስታወቂያው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነው የሚወጣው። ማስተርስ ይዞ መውጣትም ሽንፈት አይደለም፣ ሰው በዕዳ ስድስተኛ ዓመት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ መወሰን ይቀላል። ሊቭ ኦፍ አብሰንስ (ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ) ልውሰድ ብለሽ ካሰብሽ ግን ተጠንቀቂ፣ ኢንሹራንሱም ቪዛውም ከመመዝገብሽ ጋር የተያያዘ ነው፣ እረፍት መስሎሽ ወጥተሽ መመለሻ ልታጪ ትችያለሽ።

ምዕራፍ_ሁለት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም። ቪዛዬ ኤፍ ዋን ነው፣ ስለዚህ የመገልበጡ ነገር ቀረ፣ ለሰውየውም ነግሬዋለሁ። @ስሌት ፊውንና የጎደለውን ስደምረው ደነገጥኩ፣ እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር።

የዲፓርትመንቷን ሴትዮ ዛሬ ጠዋት አገኘኋት። ቲኬቱን በነሱ ካርድ ትቆርጥልኛለች! ሁለት ዓመት እዚህ ሆኜ ይሄ እንደሚቻል አልሰማሁም፣ ሆቴሉ ግን በኔ ነው። @ደግ_አይደለሁም ከፍ ካሉት ሁለቱን ጠየቅኩ፣ አንዷ በሦስተኛ ዓመት ሙሉ አግኝታለች፣ ሌላው እስካሁን አላገኘም፣ እሱ አድቫይዘሩ ግራንት የላትም አለኝ። የኔዋ አሁን አንድ እየጻፈች ነው፣ ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ የ3 ወሩን ዕቅድ በአንድ ገፅ ጽፌ ነው የምገባው።

የ9 ወሩን በ12 ማካፈል ይቻላል ብለውኛል፣ ግን ፎርሙ የሚሞላው ከሚቀጥለው ዓመት ውል በፊት ነው። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ እንደዛ ካደረግኩ በተዘጋበት ጊዜ እንደ ተቀጣሪ ልቆጠር ነው? ኢንሹራንሱስ? ካምፓስ ውስጥ ሌላ ሥራ ባገኝ ሰዓቱ ይጋጭብኛል?

ጨርሻለሁ፦

እኔ ጋ አልተጋጨም፣ ብሩ የሠራሽበት ነው፣ ዘግይቶ የሚደርስሽ ብቻ ነው፣ ሰዓትሽ የሚቆጠረው በምትሰሪበት ሳምንት ነበር። ኢንሹራንሱ ግን ከቦታ ቦታ ይለያል፣ አንዳንዱ ከውሉ ጋር ያልቃል አንዳንዱ ሙሉ ዓመት ይሸፍናል፣ ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ኤችአርን (የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮን) በኢሜይል ጠይቂያቸው፣ በስልክ እሺ ቢሉሽም መልሱን በጽሁፍ ላኩልኝ በያቸው። ሆቴሉን ደግሞ ለብቻሽ አትያዢ፣ አዘጋጆቹ ክፍል መጋራት የሚፈልጉ ተማሪዎችን የሚያገናኙበት ሊስት ካላቸው ዛሬውኑ ተመዝገቢ፣ ቶሎ ነው የሚሞላው።