የ14 ዓመት ልጅ ከአዋቂዎች ጋር ጣቢያ ታስሯል፤ ከየት ይጀመር?

ጠያቂ (ምሥራቅ ጎጃም)፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ልጅ በግ ሰረቀ ተብሎ ከተያዘ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ያለው ከአዋቂዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መዝገቡ ላይ ዕድሜው 18 ተብሎ ተጽፏል፤ የልደት ካርድ የለውም። ሽማግሌ ገብቶ በጉ ተመልሷል። አሁንስ?

የጮቄ ሰው፦
ከዕድሜው ጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። በወንጀል ሕጉ 9 ዓመት ያልሞላው አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም (አንቀጽ 53)። 15 ካለፈ ግን ክሱ እንደ አዋቂ ነው፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ። የሚቆጠረውም ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ዕድሜ ነው።

የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ ካርድ ማጣቱ አይገርምም። ከደብሩ የክርስትና ወረቀት፣ ከትምህርት ቤቱ የአንደኛ ክፍል መዝገብ፣ ከተገኘም የክትባት ካርድ ያዙ። ወንድ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፣ ሴት በ80፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን የልደት ቀን አድርጋችሁ አትቁጠሩት። 15 ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ለቀረው ልጅ ዓቃቤ ሕግ ይህችን አይስታትም። ዕድሜ ለመለየት የሚነሳው የእጅ አንጓ ራጅ ደግሞ ግምት ነው፣ አንድ ሁለት ዓመት ወዲህም ወዲያም ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ወረቀቶቹ ይቅደሙ።

ባለ መዝገብ፦
ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ጣቢያ አዛዡ ደጅ ሲጠና መክረሙ ነው። ሕገ መንግሥቱ ማንም ተያዥ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ለልጅ ግን የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 172 ወዲያውኑ አቅራቢያ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ነው የሚለው። ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ የሚያዘውም ፍርድ ቤቱ ነው። ቀጠሮ ካስፈለገ ልጁ ለወላጅ ወይም ለዘመድ ይሰጣል፤ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው። የገንዘብ ዋስ አምጡ ቢሏችሁ ይህን ቁጥር ጥቀሱ።

ዛሬውኑ ለወረዳ ፍርድ ቤቱ አንድ ገጽ አቤቱታ ጻፉ፦ ዕድሜው ከነማስረጃው፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ከአዋቂ ጋር መታሰሩ፣ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ይሰጥልን የሚል ጥያቄ። ወላጁ መታወቂያውን ይዞ በአካል ይቅረብ።

ጠያቂ፦
እርቁ አይበቃም?

ባለ መዝገብ፦
ስርቆት በተበዳይ አቤቱታ ብቻ የሚሄድ ጉዳይ ስላልሆነ እርቅ መዝገቡን አይዘጋውም። የእርቁን ወረቀት ግን ያዙት፤ ዳኛው ተግሣጽ ወይስ ማረሚያ ብሎ ሲወስን ይረዳል። ከርዕሰ መምህሩ ስለ ጠባዩ ደብዳቤ ጨምሩበት፣ ዳኛው መጠየቁ አይቀርም። ልጁ ጣቢያ ቃሉን ለመስጠት አይገደድም፤ ወላጁ ሳይኖር የተጻፈ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም ንገሩት።