ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው እናቴ ጥርስ ከማስነቀላቸው በፊት መድኃኒታቸውን ያቁሙ?

ጠያቂ፦
የ64 ዓመት እናቴ ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ለልባቸው ደግሞ በየቀኑ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ይወስዳሉ። የሚነቃነቅ መንጋጋ ጥርሳቸውን ለማስነቀል ክሊኒክ ስወስዳቸው፣ ሐኪሙ የሚከታተሉት ሕመም እንዳለ ቢጠይቃቸው «ምንም የለብኝም» ብለው መለሱ። በኋላ ለምን እንደሸሸጉ ስጠይቃቸው፣ «ብናገር ስኳርዎን አስተካክለው ይምጡ ብሎ ይመልሰኝ ነበር» አሉኝ። ግፊታቸው ሲለካ 190 በ110 ስለሆነ ጥርሱ ሳይነቀል ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን። ጎረቤቶቻችን ደም እንዳይፈሳቸው አስፒሪኑን ከሳምንት በፊት ያቁሙ ይላሉ። ወቅቱ ጾም በመሆኑም እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መላሽ 1 (የጥርስ ሐኪም)፦
አስፒሪኑን በጎረቤት ምክር አያስቁሟቸው። ለአንድ ጥርስ ሲባል ማቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ከድድ የሚፈስ ደም ጋዝ (ንጹሕ የቁስል ጨርቅ) በመንከስ፣ ካልሆነም በመስፋት ይቆማል፤ በልብ ወይም በአንጎል የደም ሥር ውስጥ ለሚረጋ ደም ግን እንዲህ ያለ ቀላል መላ የለውም። ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና ይተላለፋል፤ ፍርሃቱና ሕመሙ ራሳቸው ግፊት ይጨምራሉ፣ ብዙ ጊዜ በማደንዘዣው ውስጥም ግፊት ከፍ ሊያደርግ የሚችል አድሬናሊን አለ። ስለዚህ የግፊት ኪኒናቸውን በቀጠሮው ዕለትም እንደወትሮው ይውሰዱ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ፣ በባዶ ሆድ ከተወሰደ እናትዎ ገና ወንበሩ ላይ ሳሉ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ቀጠሮውን ለጠዋት አድርገው፣ ቁርስ በልተውና መድኃኒታቸውን ወስደው ይምጡ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ። በነገራችን ላይ፣ ያልተስተካከለ ስኳር የድድ በሽታን ስለሚያባብስ ጥርሱን ያነቃነቀው እሱ ሊሆን ይችላል።

መላሽ 2፦
በልጅነቴ የታመምኩት ቶንሲል ልቤን ጎድቶት፣ ዛሬ በሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭና ደም በሚያቀጥነው ዋርፋሪን እኖራለሁ። ጥርስ ያስነቀልኩ ጊዜ ሐኪሜ ከአንድ ቀን በፊት አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ልኬት) አስለክቶ 2.8 መሆኑን ካየ በኋላ፣ ዋርፋሪኑን ሳያስቆም፣ ከመነቀሉ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቫልቩን ኢንፌክሽን እንዳይዘው 2 ግራም አሞክሲሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ አስዋጠኝ። ሁሉም በሰላም አለፈ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከወራት በኋላ ድዴ ሲያብጥ፣ ዋርፋሪን እንደምወስድ ሳልናገር ሜትሮኒዳዞል የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ገዝቼ ዋጥኩ፤ ሁለቱ ስለማይስማሙ ደሜ ከመጠን በላይ ቀጥኖ በአፍንጫዬ እየፈሰሰ ሆስፒታል ገባሁ። ለእናትዎ ይህን ይንገሩልኝ።

ጠያቂ፦
ነገርኳቸው፤ ደነገጡ። የንስሐ አባታቸውም ፈቅደውላቸዋል። ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ በፌስታል ይዘን እንሄዳለን። ከተነቀለ በኋላ ለሕመሙ ቤት ያለውን ዲክሎፌናክ ልስጣቸው?

መላሽ 1፦
አይስጧቸው፤ ከአስፒሪኑ ጋር ሆኖ የጨጓራ መድማት ሊያስከትል፣ ግፊታቸውንም ሊጨምር ይችላል። ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል።