ለመሠረት ስንቆፍር ገል ወጣ፤ አንሥቼ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ጀማሪው መሐንዲስ፦
ሰላም ለሁላችሁ፤ ምክር ፈልጌ ነው። መሀል ከተማ ላይ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት እያስቆፈርኩ ነው። ትናንት ከሰዓት ኤክስካቫተሩ ሦስት ሜትር ያህል ሲወርድ፣ በተቆረጠው አፈር ላይ ጥቁር መስመር አየሁ። ወርጄ በእጄ ስጠርገው አመድ ነው። ከሥሩ ገል ተደርድሯል። አንደኛው ከማሰሮ አፍ የተሰበረ ነው፤ ጠርዙ ላይ የጣት አሻራ አለ። ሸክላ ሠሪው ጭቃው ሳይደርቅ የተጫነው መሆን አለበት። አውራ ጣቴን ሳስቀምጥበት ልክክ አለ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አለቃዬ «ለቅሞ ካርቶን ውስጥ መክተት ነው፤ ለሙዚየም እንሰጣለን» አለኝ። ሠራተኞቹ አምስት ስድስት ገል አውጥተዋል። እኔ ማሽኑን ወደ ሌላው ጥግ አዙሬዋለሁ። ዕቃው ከተረፈ አይበቃም ወይ?

አፈር አንባቢ፦
ወንድሜ፣ ማሽኑን ማዞርህ ትልቅ ነገር ነው። አርኪዮሎጂስት ነኝ፤ በግንባታ መሀል ስቆፍር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ካርቶኑ አይበቃም። ገል ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ከአመዱ ሥር መገኘቱ ነው። እሳቱ የተነሣው ገሉ እዚያ ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ነው። አመዱ ውስጥ ከሰል ካለ ዕድሜው በካርቦን ይለካል። ካርቶን ውስጥ የገባው ግን ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ማን ያውቃል?

አሁኑኑ ዙሪያውን በችካልና በገመድ ከልል። ሜትር ከጎኑ አስቀምጠህ ፎቶ አንሣ። የቀረውን አትንካ። ከዚያ ቅርስ ለሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቅ፤ የብዙ አገር ሕግ ያስገድዳል። በስልክ ብቻ አትተወው።

«ጊዜ ይበላል» ይሉሃል። እውነት ነው፣ ይበላል። ኢስታንቡል ውስጥ «የኒካፒ» በሚባል ሰፈር ለባቡር ጣቢያ ሲቆፈር የጥንቱ የቴዎዶስዮስ ወደብ ተገኘ። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ 37 የመርከብ ስብርባሪዎች ወጡ። ከወደቡም ሥር 8,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው እግር ዱካ ነበር። ጭቃ ላይ የረገጠ ሰው ዱካ! ሥራው ለዓመታት ዘገየ። ባቡሩ ግን በ2013 መሮጥ ጀመረ።

ጀማሪው መሐንዲስ፦
እናመሰግናለን። አለቃዬ የፈራው ቦታውን እንዳንነጠቅ ነው።

ፕላን ነዳፊ፦
ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። አብዛኛው ቦታ ተቆፍሮ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ግንባታው ይቀጥላል። የከበደ ነገር ከተገኘ ደግሞ ዲዛይኑ ይስተካከላል። አቴንስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም የቆመው በጥንት ሰፈር ላይ ነው። ምሰሶዎቹ ፍርስራሹን እንዳይነኩ ቦታ ተመርጦላቸዋል፤ ጎብኚው በመስታወት ወለል ወደ ታች ያየዋል። ይህ የተቻለው ከሥሩ ያለው ነገር ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት ስለታወቀ ነው።

ለንደንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሚትራ የተባለ አምላክ የሮማውያን ዘመን ቤተ መቅደስ ለቢሮ ግንባታ ሲቆፈር ወጣ፤ ሕዝቡ ሊያየው ተሰለፈ። ከዚያ ተነቅሎ 100 ሜትር ያህል ርቆ ተተከለ። ወደ ቀድሞ ቦታው አካባቢ የተመለሰው በ2017 ነው። እስቲ አስቡት፣ ከ60 ዓመት በኋላ!

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ሁሌም የምንጠይቀው ማሽኑ ከገባ በኋላ ነው። የሙከራ ጉድጓድ ለአፈር ጥንካሬ እንቆፍር የለም እንዴ? ያን ቀን አንድ አርኪዮሎጂስት አጠገቡ ቢቆም ምን ነበረበት? የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1992 በማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ ላይ የተስማሙት በዚሁ ላይ ነው፤ አርኪዮሎጂስት ከፕላኑ ጀምሮ እንዲገባ፣ የጥናቱ ወጪም በግንባታው በጀት እንዲያዝ።

ጀማሪው መሐንዲስ፦
ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ገባ። አለቃዬ ቅር እያለውም ቢሆን ፈረመ። ባለሙያዎቹ ነገ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ። አሻራ ያለበት ገል ከቦታው አልተነሣም፤ ሸራ አልብሼዋለሁ። አሁን ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብለን ካርቶን ውስጥ የገቡትን አንድ በአንድ ከየት እንዳነሡ እየጠየቅኩ እየጻፍኩ ነው። የሁለቱን ማንም አላስታወሰም።