የመክፈቻ መጽሐፉ ዕቅድ፦ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ እሁድ እሁድ ልጆቹን የምናሠለጥንባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ላለው የቼዝ ፕሮግራም የመክፈቻ መጽሐፍ (ፕሮግራሙ የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች የሚመርጥበት ፋይል) እንድናዘጋጅ ተስማምተን ነበር። የሦስተኛው አንቀጽ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «የቼዝ ድረ ገጹን የሊቼስን ነፃ የጨዋታ ማኅደር አውርደን ፖሊግሎት በተባለው ፕሮግራም ወደ መጽሐፍ እንለውጣለን።» የሚጨመር የሚቀነስ ካለ እስከ ዓርብ ማታ ጻፉልኝ።

የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ፦ አንቀጹ አንድ መስመር ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። የሊቼስ የአንድ ወር ፋይል ብቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች አሉት፤ አብዛኞቹም የጥድፊያ ናቸው። ፖሊግሎት ደግሞ ማን እንደተጫወተው አይጠይቅም፤ ለድል ሁለት፣ ለአቻ አንድ እየሰጠ ይደምራል። ሰዓቱ አልቆ የተሸነፈውንም በመክፈቻው እንደተሸነፈ ይቆጥረዋል።

አሠልጣኝ፦ ልጆቹ የሚወዷትን ምሳሌ ልስጥ። (ፊደልና ቁጥሩ የቤቱ ስም ነው።) ወታደሮቹ ኢ4 እና ኢ5፣ ፈረሶቹ ኤፍ3 እና ሲ6፣ የነጭ ቢሾፕ ሲ4። እዚህ ላይ ጥቁር ፈረሱን ወደ ዲ4 ያዘልላል። ኢ5 ላይ ያለው ወታደር እንዲያው በነፃ የተሰጠ ይመስላል። ነጭ በፈረሱ ከበላው ግን የጥቁር ንግሥት ጂ5 ላይ ወጥታ ፈረሱንና ጂ2ን ባንዴ ትይዛለች፤ ቀጥሎ ኤፍ7ን ልብላ ካለማ ጥቂት ቆይቶ በፈረስ ማት ነው። ነጭ ሳይስገበገብ ዲ4 ላይ ያለውን ፈረስ ቢለውጥ ግን የሚሻለው እሱ ነው። ማኅደሩ ጀማሪ የወደቀበትን ሁሉ ደምሮ ይቺን እርምጃ ያሞግሳታል። ልጆቻችን የሚማሩት ይህን ከሆነ መጽሐፉ ቢቀር ይሻላል።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ ትልቅ መጽሐፍ ምን ያደርግልናል? በ1997 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ያሸነፈው ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ በእጅ የተሰናዳለት መጽሐፍ ወደ 4,000 አቀማመጥ ብቻ ነበረው፤ አብዛኛውን የሠራው ግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን ነው። የ700,000 ጨዋታ ማኅደርም ነበራቸው፤ እሱ ግን ለማማከሪያ ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ ኢ6 ላይ ፈረስ የሠዋውም ከመጽሐፉ ነው፤ ካስፓሮቭ በ19 እርምጃ እጁን ሰጠ። ለእኛ አራት ሺህ ይበዛብናል እንጂ አያንሰንም። እግረ መንገዴን፣ የአያቶቻችንን ሰንጠረዥ፣ የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ፣ ለምን አንጨምርም?

የፖሊ ተማሪ፦ ጋሼ፣ በቁጥሩ እስማማለሁ። ጥያቄው ማን ይፈትሸዋል ነው። እያንዳንዱን መስመር (የእርምጃዎች ተከታታይ) ጫፉ ላይ በስቶክፊሽ፣ ጠንካራ የቼዝ መመርመሪያ ፕሮግራም ነው፣ አስመርምረን ውጤቱን ወደ ኋላ እየመለስን ማየት አለብን፤ መሃሉ ያማረ መስመር ጫፉ ገደል ሊሆን ይችላል። በእኛ ማሽኖች ብዙ ሌሊት ይፈጃል። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ እንዳንጀምር ውጤቱ ወዲያው ወዲያው ይቀመጥ። ቦታስ አያሳስብም፦ በፖሊግሎት አንድ እርምጃ 16 ባይት ነው፤ 100,000 እርምጃ እንኳ 1.6 ሜጋባይት። ማንበቢያውን ራሳችን ከጻፍን ካስሊንግ (ንጉሡና ሩኩ ባንድ እርምጃ የሚንቀሳቀሱበት) ላይ እንጠንቀቅ፤ ፋይሉ ንጉሡ የራሱን ሩክ እንደበላ፣ ከኢ1 ወደ ኤች1 ብሎ ነው የሚመዘግበው።

ሰንጠረዥን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ወረራው ላይ፣ ማለትም በጨዋታው መነሻ፣ ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ። ፖሊግሎት ተራው የማን እንደሆነ ሳያውቅ አቀማመጥን አይለይም። ለእሱ የሚሆነው የአሰላለፍ ስብስብ ነው። ለብቻው ዕቅድ ይውጣለት።

ገንዘብ ያዥ፦ ወጪው ውስጥ «ሰርቨር» የሚለውን ሰርዙልኝ። አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ በቃ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «ሁለቱም ተጫዋቾች ከ2,000 የደረጃ ነጥብ በላይ ያላቸውንና የጥድፊያ ያልሆኑ ጨዋታዎችን ብቻ እንመርጣለን። በስቶክፊሽ ያልተፈተሸ መስመር አይገባም። የነጭን መስመሮች ፔዳ ግቢ ያሉ አባላት፣ የጥቁርን ፖሊ ግቢ ያሉ ያያሉ። መጽሐፉ ከ4,000 አቀማመጥ አይበልጥም።»

አሠልጣኝ፦ አንድ ቀዳዳ አለው። ጠንካራ ተጫዋቾች የማይጫወቱትን ካወጣን፣ ልጁ መጥፎ እርምጃ ባመጣ ጊዜ ፕሮግራሙ መጽሐፍ አልባ ይሆናል። የዲ4 ፈረስ አትግባ፤ ከእሷ በኋላ ያለው አቀማመጥ ግን ከነመልሱ ይግባ።

የፖሊ ተማሪ፦ ይቻላል። ፕሮግራሙ ከፋይሉ መልስ የሚፈልገው በአቀማመጡ ነው፤ በየት በኩል እንደተደረሰ አያገባውም። እንዲህ ያሉ ወጥመዶችን ጋሼና አሠልጣኙ ይዘርዝሩልኝ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ዝርዝሩን እሁድ ጣና ዳር ስንገናኝ ይዛችሁ ኑ፤ ፊርማውም እዚያው ይሆናል።